የደዋዮች ሙግት ወይስ የጋዜጠኞች ትንታኔ?

ደሴ ፒያሳ ውስጥ ባለች አንዲት ሻይ ቤት የስፖርት ሬዲዮ ሲከፈት አድማጩ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ደዋዮች የሚሟገቱበትን፣ ገሚሱ ጋዜጠኞች የሚተነትኑበትን ፕሮግራም ይመርጣል። «ሜሲ ወይስ ሮናልዶ?» ሲባል ደዋዩ የሚወደውን ተጫዋች ሲያወድስ ድምፁ ቤቱን ያሞቀዋል፤ ሻይ ቀጂዋ ሳትቀር ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ ታዳምጣለች። ተንታኙ ግን ሜሲ 8 ባሎን ዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) እና እ.ኤ.አ. በ2022 ያነሳውን የዓለም ዋንጫ፣ ሮናልዶ ደግሞ 5 ባሎን ዶርና 5 የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ እንዳላቸው ጠቅሶ፣ አንዱ ጨዋታ በመፍጠር፣ ሌላው ጎል በማስቆጠር የሚለዩበትን ያብራራል። በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ እኔ ያለማመንታት ተንታኙን እመርጣለሁ።

ስለ ወልዲያ ቡድን ሲነሳ ግን ምርጫዬ ይለወጣል፤ ስታዲየም ገብቶ ጨዋታውን በዓይኑ ያየው ደዋዩ ነውና።