በአፍንጫ ወይስ በአፍ? የሱሉልታ ሯጮች ጥያቄ

ጠዋት ሱሉልታ ሶምሶማ የጀመረ ሁሉ «በአፍንጫ ልተንፍስ ወይስ በአፍ?» ብሎ ይጠይቃል። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ብርዱም አጥንት ድረስ የሚዘልቅ።

አፍንጫ፦ ፀጉሩና ንፍጡ አቧራ ይይዛሉ። አየሩ ሳንባ ሳይደርስ ይሞቃል፣ ይረጥባል። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ጉንፋን ከያዘህማ አለቀ።

አፍ፦ ሰፊ በር ነው። አርፈን ስንቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይበቃናል። ዳገት ላይ ግን ከ2 ሊትር ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ሁሉ አፍንጫ ብቻውን አይችለውም። ክፍያው የደረቀ ጉሮሮ ነው። ገልባጭ መኪና ካለፈ ደግሞ አፍ ሙሉ አቧራ (ቀምሼዋለሁ፣ አይጣፍጥም)።

ለእርምጃና ለቀስታ ሩጫ አፍንጫ ይበቃል። ለዳገት ሁለቱም አንድ ላይ። አስም ያለበት ሰው ግን በብርድ ከአፍንጫው ባይርቅ ይሻላል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል።