ባህላዊው የሳይቤሪያ ድመት ወይስ ኔቫ ማስከሬድ?

ሁለቱም የሩሲያ ድመቶች ናቸው። ሁለቱም ትልልቅ፣ ጸጉራምና ሰው ወዳድ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ኔቫ ማስከሬድ ስሙን ያገኘው ሴንት ፒተርስበርግን አቋርጦ ከሚያልፈው የኔቫ ወንዝ ነው። ዓይኑ ሰማያዊ ነው፤ ገላው ፈዘዝ ብሎ ፊቱ፣ ጆሮው፣ እግሩና ጅራቱ ይጠቁራል፣ ልክ ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። በጣም ያምራል፣ አልክድም። ባህላዊው ግን የጫካ መልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ዝንጉርጉር፣ ዓይኑ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ።

እኔን ብትጠይቁኝ ባህላዊውን እመርጣለሁ። መልኩን ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ጭምብሉን የሚያመጣው ጂን ድብቅ ነው፤ ድመቷ ፍጹም ባህላዊ መስላ ጂኑን ልትሸከም ትችላለች፣ እንደሷው ተሸካሚ ከሆነ ወንድ ጋር ከተዳቀለች ደግሞ በአማካይ ከ4 ግልገሎች 1ዱ ባለ ጭምብል ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ የድሮውን ዘር ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ አርቢ በዓይኑ አይቶ ብቻ መፍረድ አይችልም፤ የዘረመል ምርመራ የግድ ነው። ለዚህ የሚለፉትን አርቢዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። የድመት ዘር መዝጋቢ ድርጅቶቹ እንኳ አልተስማሙም፦ ዓለም አቀፉ ፊፌ (FIFe) ሁለቱን ለያይቶ ሲመዘግብ፣ የአሜሪካው ሲኤፍኤ (CFA) እንደ አንድ ዘር ነው የሚያያቸው።

አብሮ መኖሩ ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ጸጉር በሚያራግፉበት ሰሞን ማበጠሪያ ከእጃችሁ አይጠፋም። አድገው እስኪጨርሱም እስከ 5 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አለርጂ ካለባችሁ ግን «ይሄ ዘር አያስነሳም» የሚለውን ወሬ አትመኑ፤ ከድመት ድመት ይለያያልና፣ ከመውሰዳችሁ በፊት ከዚያችው ድመት ጋር ደጋግማችሁ ጊዜ አሳልፉ።