ለአዘዞው ጋሼ ምስጋና፣ የድሮ ባለ ቱርቦ መኪና ለያዛችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ወዳጆች። አንድ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። በአዘዞ መስመር ትንሽ የብየዳ ቤት አላቸው። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እዚህ እንዲሁ እላለሁ። ስማቸውና ስልካቸው ለሁሉም እንዲበተን አልፈለጉም። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

የሠሩልኝ የመኪናዬን ጭስ ማውጫ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ቱቦ ቆርጦ መበየድ፣ አለቀ። ባለ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) መኪና ላይ ግን የት ላይ ገንዘብ እንደሚወጣና የት ላይ እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ጋሼን የማመሰግናቸው በዋናነት ለዚህ ነው። ገንዘቤን ከእኔ በላይ ሳሱለት።

መኪናዬ ቶዮታ ሰርፍ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1996 ሞዴል። ሞተሯ መካኒኮች ዋን ኬዜድ የሚሉት 2,982 ሲሲ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፣ ሙቀት ግን አይወድም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አልሙኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ይህን ሞተር የያዘ ሰው ስለምን እንደማወራ ያውቃል። እዚህ አገር የቴስታታ ዋጋ ስንት እንደሆነም ያውቃል።

የእኔ ችግር ዳገት ላይ ነበር። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስወጣ ጉልበቷ ይጠፋል። ነዳጅ ስጨምር ጥቁር ጭስ ትለቃለች እንጂ አትፈጥንም። ቱርቦው ቶሎ አይነሳም፣ ሲነሳም ያቃስታል። የሞተሩ የሙቀት ቀስትም ከወትሮው ከፍ ማለት ጀመረ። ቤተሰብ ጭኜ ወደ ዳባት ለመሄድ እስክሰጋ ድረስ ደረስኩ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳር ላይ (ሐይቁን ሳይሆን ውቅያኖሱን ማለቴ ነው) ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ ይህን ጉድለት መሙላት ይችላል፣ ለመሙላት ግን ቆላ ላይ ከሚሽከረከረው በላይ መሽከርከር አለበት። የሚያሽከረክረው ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ራሱ ነው። ከቱርቦው በፊት ያለው ግፊትና ከቱርቦው በኋላ ያለው ግፊት ልዩነታቸው ሲሰፋ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ከኋላ ቱቦው ከታፈነ ልዩነቱ ይጠብባል፣ ቱርቦው ይሰንፋል፣ አየሩ ያንሳል፣ ነዳጁ በደንብ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱም ሞተሩ ውስጥ ይቀራል።

ጋሼ ጋ ከመድረሴ በፊት የተለያየ ምክር ሰምቻለሁ። አንድ ጋራዥ ሳይፈታ ሳያይ «ቱርቦው አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ሌላ ቦታ «ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን) አውጥተህ ጣለው» ተባልኩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ደግሞ ከቱርቦው እስከ ጭራው በማይዝግ ብረት የሚሠሩ አሉ ብሎ ዋጋ ጠየቀልኝ። ሥራው ሳይሻል አይቀርም። ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነበር፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት ናፍጣ ሳይጨመር።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት መጠየቅ ነው። ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ዘይት ትበላለች? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? ከዚያ ቱርቦው ሲበርድ የአየር ቱቦውን ፈትተው የቱርቦውን ዘንግ በጣታቸው ነካኩት። «ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው ልጄ፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ግን በቃ» አሉኝ። አልተንቀሳቀሰም። ክንፎቹም ቅርፊቱን አልነኩም። ቱርቦው ደህና ነው አሉ። በዚህች ብቻ ስንት ብር እንዳተረፉልኝ አስቡት።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከቱርቦው ወርዶ የሚመጣው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተው ዳዶ በየዱበት። ዳዶው ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አሰሩ፣ በቱቦው ጫፍ ደግሞ የኮምፕሬሰር የግፊት መለኪያ። መለኪያውን በመስኮት አስገብተው ረዳታቸው እንዲይዘው አደረጉና ዳገት ወጣን። ፔዳሉን እስከ ታች ስረግጥ ቀስቱ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ደረሰ። ለጭስ ማውጫ ይህ ብዙ ነው። ተመልሰን ማርሚታውን ከመጋጠሚያው ፈቱትና ያለ እሱ ያንኑ ዳገት ደገምነው። ቀስቱ ወረደ፣ ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ። ስለዚህ ግማሹ ችግር ማርሚታው ውስጥ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ከፊት።

ፊት ለፊት ያለውን ሲያወጡት ምክንያቱ ታየ። ከቱርቦው ሥር የሚታጠፈው ቱቦ ድሮ ሲጠገን በጉልበት የተጠመዘዘ ነው። መታጠፊያው ላይ ጠፍጥፎ ውስጡ ጠቧል። ማርሚታው ደግሞ ሲወዘወዝ ይንኳኳል። የውስጡ ላሜራ ተነቅሎ መውጫውን ዘግቶታል።

እዚህ ላይ ሁሉንም ቀይሩልኝ ብላቸው ይስማሙ ነበር፣ ይከፈላቸው ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አምጥተው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ሣሉልኝ። «ጭሱ በጣም የሚፈላው እዚህ ነው» ብለው ቱርቦው ሥር አከበቡ። «ሲፈላ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ይበርዳል፣ ቦታም ይቀንሳል። ስለዚህ ብርህን ከቱርቦው ጀምረን እናፍስሰው፤ ሲያልቅ እናቆማለን።» ከኋላ ጎማው በላይ ዞሮ የሚወጣው የመጨረሻው ቁራጭ ያልዛገ፣ ስፋቱም በቂ ስለነበር እንዲቀር ወሰኑ። እሱን መቀየር ብዙ ጉልበት ይበላል፣ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ይህን የጋሼን ቅደም ተከተል ያዙ። ብዙ ሰው ከኋላ ነው የሚጀምረው፣ የሚታየው የጭራው ጫፍ ስለሆነ።

ስፋቱ 2 ኢንች ተኩል እንዲሆን ተስማማን። የድሮው 2 ኢንች ነበር። ልዩነቱ ግማሽ ኢንች ብቻ ይመስላል፣ ግን የቀዳዳው ስፋት ከግማሽ በላይ ነው የሚጨምረው። ለምን 3 ኢንች አናደርገውም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ለዚህ ሞተር 2 ኢንች ተኩል እንደሚበቃ፣ 3 ኢንች ግን ከመኪናዋ ሥር ቦታ እንደሚያጣ፣ ድንጋይ እንደሚመታው፣ ብረቱም እንደሚወደድ አስረዱኝ። የእኛን የገጠር መንገድ የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

ጎንደር ውስጥ ቱቦን ሳያጠብ የሚያጥፍ ማሽን አላገኘንም። ጋሼ መታጠፊያውን የሠሩት በቁራጭ ነው። ቀጥ ያለውን ቱቦ እንደ ድፎ ዳቦ በሰያፍ ቆራረጡት፣ ከዚያ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያዞሩ ገጠሟቸው። አድካሚ ሥራ ነው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከውስጥ በኩል በግራይንደር አለሰለሱት፣ የብየዳው እብጠት የጭሱን መንገድ እንዳይዘጋ። ውጤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስፋት ያለው መታጠፊያ ሆነ።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልበል፣ ይህ ለጤናም ስለሚሆን። ርካሽ ነው ብሎ ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦ ለጭስ ማውጫ የሚያመጣ ሰው አለ። ጋሼ አይነኩትም። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። በኋላም ቱቦው ሲግል ሽፋኑ እየነደደ ይሄዳል። የተጠቀሙት ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ ተራ ጥቁር ብረት ነው። ይዝጋል፣ አይካድም። ሙቀት የሚችል ቀለም ቀብተውታል፣ እና ክረምቱን ከተጠነቀቅሁለት ብዙ ዓመት እንደሚያገለግለኝ ነግረውኛል። ለእኔ በጀት ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነበር።

ከቱርቦው ጋር የሚገጥመውን ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰረውን የቱቦውን ጫፍ) ግን አልቆጠቡበትም። ባለ 10 ሚሊ ብረት ነው። ቀጭን ከሆነ ብየዳው ያጣምመዋል፣ ከዚያ ጋስኬቱ (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይተነፍሳል። ከተበየደ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝተውበት ብርሃን የሚያሾልክበትን ቦታ እያዩ በሞረድ አስተካከሉት። ረዳታቸው ሞረዱን ሲይዝ «አትቸኩል፣ ቱርቦ ውሸት አይወድም» ሲሉት ሰማሁ።

ከፍላንጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚለጠጥ መጋጠሚያ አስገቡ፣ ያ በሽቦ የተሸመነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፣ ቱቦው ደግሞ ከመኪናዋ አካል ጋር ታስሯል። መካከላቸው የሚለጠጥ ነገር ከሌለ ብየዳው ይሰነጠቃል። አዲስ መግዛት የግድ የሆነብን ዋናው ዕቃ ይኸው ነበር።

ማርሚታውን ያገለገለ ነው ያገኙልኝ፣ ከተፈታታ የጭነት መኪና። ውስጡ ቀጥ ያለና ዙሪያውን የተበሳሳ ቱቦ ያለው ዓይነት ነው። በአንዱ ጫፍ ባትሪ አበሩና በሌላው ጫፍ እንዳይ ጠሩኝ። ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጭሱ ሳይጣመም ያልፋል፣ ድምፁን ግን በዙሪያው ያለው ሙሌት ይውጠዋል። ያለ ማርሚታ ይሁን የሚሉ ወጣቶች ሲመጡ ጋሼ አይሠሩላቸውም። ቱርቦው ራሱ ድምፅ ይቀንሳል፣ ደህና ማርሚታ ጉልበት አይወስድም፣ ታዲያ ጎረቤት ማወክ ለምን? ይህ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ነው፣ ሌሊት የሚቀደስበት። እኔም በዚህ ከልቤ እስማማለሁ።

የአሠራር ሥርዓታቸውንም ልመስክር። ከመበየዳቸው በፊት ባትሪውን ፈቱ፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል። መኪናዋ ላይ ነጥብ በነጥብ ብቻ ያዙት፣ ከዚያ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ በየዱት። የፍሬን ቱቦና የናፍጣ መስመር በሚያልፍበት በኩል ርቀት ጠበቁ፣ በጣም በሚቀርበው ቦታ ላይ የላሜራ መከላከያ አደረጉ። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነስቶ የጭራውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ዘጋ አድርገው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አንዱ ጋ አረፋ ወጣ። ሳልጠይቃቸው ፈትተው ደገሙት። ጭስ ወደ መኪና ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላል፣ ይህን ቀልድ አያደርጉትም።

ውጤቱ? ያው መለኪያ፣ ያው ዳገት፣ ቀስቱ 2 ፒኤስአይ አልሞላም። ቱርቦው ቀደም ብሎ ይነሳል። ወደ ኮሶዬ ስወጣ ድሮ በሁለተኛ ማርሽ የምይዘውን ቦታ አሁን በሦስተኛ አልፈዋለሁ። ጥቁሩ ጭስ በጣም ቀንሷል። የሙቀት ቀስቱም ቦታው ላይ ይቆማል፣ ትልቁ እፎይታዬ እሱ ነው። መኪናዋ አዲስ አልሆነችም፣ እንዲያ ብዬ ማንንም አላታልልም። የታፈነው ተለቀቀ፣ ያላትን ጉልበት መልሳ አገኘች።

የናፍጣ ፓምፑ ብዙ ነዳጅ እንዲሰጥ ጨምሩልኝ ለሚሉ ሰዎች ጋሼ አንድ መልስ አላቸው፦ አይሆንም። ነዳጅ ሲጨመር ሙቀት ይጨምራል፣ ይህ ሞተር ደግሞ ሙቀቱን አይችልም። ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፣ ቱርቦው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳይቃጠል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ ብረት በየጊዜው ስለሚቀያየር ሰው ይሳሳትበታል። አዲስ አበባ ከተባልኩት ግን ከግማሽ በታች ነው። ዕቃውን በሙሉ ከነደረሰኙ አሳይተውኛል፣ የተረፈውን ቁራጭ ቱቦ ሳይቀር መልሰውልኛል። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፦ እሑድና በበዓል ዝግ ነው። የጋለ ቱቦ ስለማይፈታ መኪናውን ማታ አምጥታችሁ አሳድሩት፣ ወይም ጠዋት ሳይሞቅ ድረሱ። ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጭሱን ሰብስቦ ከሚያወጣው ብረት) ጋ ያሉት ቡሎኖች ከዛጉ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸው፣ እንዳይሰበሩ። የሚሠሩት በተራ ነው፣ ስለዚህ ካገናኘኋችሁ በኋላ ቀድማችሁ ደውሉላቸው።