አልሸጥም ላለችን ፋርማሲስት

ሰው ስለ አገልግሎት ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ለማማረር ነው። እኔም ከዚያ አልወጣም። ዛሬ ግን ለማመስገን ነው የመጣሁት። ጀሞ አካባቢ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ፋርማሲስት አለች። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። ጉዳዩ የሴት ነገር ስለሆነ የሚያፍር ሰው ይለፈው፤ እኔ ግን በግልጽ ነው የምጽፈው።

ታማሚዋ አክስቴ ናት። ልጽፍ ነው ስላት «ጻፊው፣ ሌላዋም ትስማ፤ እኔን ብቻ እንዳትጠሪኝ» ብላኛለች።

አክስቴ ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ብልቷን ያሳክካታል፣ ሽንት ስትሸና ያቃጥላታል፣ ነጭ ነገር ይፈሳታል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጤና አዳም በተዘፈዘፈበት ውሃ ታጠበች፣ ከዚያ በጨው፣ ከዚያ በዴቶል። ዴቶሉ እንኳን ሊያድናት ቆዳዋን ላጠው። እንቅልፍ ሲያሳጣት ነው ለእኔ የነገረችኝ፤ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

መጀመሪያ የሄድነው ሌላ መድኃኒት ቤት ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎም ሳያየን ሜትሮኒዳዞልና ሌላ አንቲባዮቲክ ጠቅልሎ ሰጠን። አክስቴ አንዷን ሳታስቀር ዋጠች። ማሳከኩ ብሶ ቁጭ አለ።

ከዚያ ነው እዚህች ልጅ ጋ የደረስነው። መስኮቱ ጋ ወንዶች ተሰልፈዋል። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንድ ቃል መናገር አቃታት። ልጅቷ አየቻትና ምንም ሳትጠይቅ የጎኑን በር ከፈተች። «እትዬ፣ እስቲ ወደዚህ ይግቡልኝ» አለቻት። በመድኃኒት ካርቶኖች መሃል ባለች ዱካ ላይ አስቀመጠቻትና እሷ ራሷ ቁጢጥ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። ሽታ አለው? ምን ይመስላል? ከሆድዎ በታች ያምዎታል? ትኩሳትስ? ደም ታየብዎት? እስካሁን ምን ወሰዱ? አክስቴ ቀስ በቀስ አፏ ተፈታ። ፈሳሹ «አይብ አይብ ይመስላል፤ ሽታ ግን የለውም» አለች።

ልጅቷ እዚህ ላይ ነው ነገሩን ያብራራችልን። ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ አይብ የተቆራረጠ ፈሳሽ ከኃይለኛ ማሳከክና ከመቅላት ጋር ሲመጣና ይህ ነው የሚባል ሽታ ሲያጣ፣ ፈንገስ ይጠረጠራል። ቀጠን ያለ፣ ግራጫ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ መዛባት ነው፤ ለእሱ ሜትሮኒዳዞል ይሠራል። ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላ፣ አረፋ ያለው ደግሞ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። እሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው መታከም አለባቸው። በዓይን ብቻ ለይቶ መማል ግን አይቻልም። እርግጡን የሚናገረው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ፈንገሱ ካንዲዳ ይባላል። ከውጪ የመጣ ጉድ አይደለም፤ ብዙ ሴቶች ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። እዚያው ያሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ናቸው አደብ የሚያስይዙት። አንቲባዮቲክ እነሱን ሲጠራርጋቸው ፈንገሱ ሜዳው ለብቻው ይቀራል። የአክስቴ ማሳከክ ከመድኃኒቱ በኋላ ለምን እንደባሰ ያን ጊዜ ገባኝ።

የሰጠቻት ክሎትሪማዞል ነው፤ ብልት ውስጥ የሚገባው ኪኒን፣ 100 ሚሊ ግራሙ፣ ማታ ማታ አንድ አንድ፣ ለስድስት ቀን። አንዴ ብቻ የሚገባ 500 ሚሊ ግራምም አለ። የሚዋጥ ከተባለ ደግሞ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ነው። እሱን ከመስጠቷ በፊት ግን ምን ሌላ መድኃኒት እንደሚወሰድ ትጠይቃለች፤ ለምሳሌ ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም። ለእርጉዝ የሚዋጠውን አትሰጥም። የሚገባውን ወይም ቅባቱን፣ ለሰባት ቀን፣ ያውም የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላትን ባለሙያ አማክራ።

አጠቃቀሙንም ዝም ብላ «ማታ አስገቢው» ብላ አልሸኘቻትም። ማስገቢያዋን ፕላስቲክ ከካርቶኑ አውጥታ ኪኒኑ ጫፉ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ምን ድረስ እንደሚገባ በእጇ አሳየቻት። ጠዋት ነጭ ነገር ቢፈስ መድኃኒቱ ነው፣ አይደንግጡ አለቻት። ማሳከኩ ቶሎ ቢተውም እስከ መጨረሻው ይጨርሱት። ዴቶል በዚያ በኩል እንዳይደርስ። ውጪውን በንጹህ ውሃ ብቻ፣ ውስጡን በምንም አለመታጠብ። የውስጥ ሱሪ ጥጥ ይሁን። እኔም በዚያው ኮንዶም ለሚጠቀሙትስ ብዬ ጠየቅኩ። ቅባቱም የሚገባው ኪኒንም የላቴክስ ኮንዶምን ሊያሳሳው ይችላል አለችኝ። የአክስቴ ፊት ሲቀላ ማየት ነበር!

አክስቴ ዳነች። ከዚያ ተመለሰባት። በዚያው መድኃኒት እንደገና ዳነች። እንደገና ተመለሰባት። ያንኑ ልንገዛ ስንሄድ ልጅቷ ብሩን ወደ እኛ መለሰችው። «እትዬ፣ ዛሬ አልሸጥልዎትም» አለች። አክስቴ ተቀይማ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ገንዘቤን አልነሳሁሽ» አለቻት።

ልጅቷም አልተቆጣችም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ፈንገስ እንዲህ ተመላልሶ መምጣቱ የተለመደ እንዳልሆነ፣ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ ጠየቀቻት። ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? አክስቴ ውሃ ጥሙንም ድካሙንም የጾሙ ነው ብላ፣ የሌሊቱን ሽንት ደግሞ የብርዱ ነው ብላ አልፋው ነበር። በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችልን፦ የፈሳሽ ናሙና፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳር። የኤች አይ ቪ ምርመራም ጨመረች፤ ሰውነትን የሚያዳክም ነገር ሁሉ ፈንገስን ስለሚጋብዝ እንጂ በክፉ እንዳናየው አስረድታ። ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ጤና ጣቢያ ሂዱ አለችን።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ ራሱ ነበር። ኤች አይ ቪው ነጻ ሆነ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታ ነው የሚባለው፤ ቁጥሩ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። የአክስቴ በሁለቱም ቀን ከዚያ በጣም አልፎ ተገኘ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ተጀመረላት፣ ክትትል ያዘች። ስኳሩ ሲወርድ ማሳከኩም እግሩን ሰበሰበ። እስከ አሁን አልተመለሰም።

እስቲ አስቡት። ሦስተኛውን ካርቶን ሸጣልን ብንሄድ ማን ይጠይቃት ነበር? ደንበኛ ነን፣ ብሩን ይዘናል፣ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። አልሸጥም ማለቷ ነው አክስቴን ያተረፈልኝ።

አንዳንዶቻችሁ ባሌ ነው ያመጣብኝ ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያት ነበር። ፈንገስ በአባላዘር በሽታነት አይቆጠርም፤ ወንዱ ራሱ ካላሳከከው ወይም ካልቀላ ብዙ ጊዜ መታከም አያስፈልገውም። ስንት ትዳር በዚህ ተናውጦ ይሆን? ከአራት ሴቶች ሦስቱን በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንዴ ያገኛቸዋል ስለሚባል ማፈሩም ትርፉ ድካም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየባት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ሆዷን የሚያማት ወይም ትኩሳት ያላት፣ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመላለሰባት ግን በቀጥታ ጤና ተቋም ነው የምትሄደው። እሷም የምትመልሳችሁ ወደዚያው ነው።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መንገዱን አሳያችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው። ሰው ካለ ጎን ያለውን በር አንኳኩ። ስትሄዱ እስከ ዛሬ የዋጣችሁትን መድኃኒት ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።