ለማይንክራፍት ራም መጨመር፦ የላውንቸሩ ቅንብር ምን ያህል ይጠቅማል?

የማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን ላውንቸር (ጌሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ለጌሙ የሚመድበው የራም ጣሪያ ለዓመታት 2 ጊጋባይት ሆኖ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም ጌሙ ከተሰጠው ጣሪያ አያልፍም። ጣሪያው የሚነሣው ከኢንስታሌሽንስ ገጽ ኤዲትን፣ ቀጥሎም ሞር ኦፕሽንስን ከፍቶ ጄቪኤም አርጉመንትስ በሚለው ሳጥን ውስጥ ከኤክስ ኤም ኤክስ (-Xmx) ቀጥሎ ያለውን ቁጥር በመለወጥ ነው። ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ጊጋባይትን የምታመለክት ጂ (G) የምትባለው ፊደል በስሕተት ከተሰረዘች ጌሙን የሚያስኬደው ጃቫ ለምሳሌ 4 የሚለውን አራት ባይት ብሎ ስለሚረዳው ጌሙ ጨርሶ አይነሣም። ይህን ለሚያህል ተፈላጊ ነገር በማውስ የሚጎተት መቆጣጠሪያ ይገባው ነበር እላለሁ።

ለውጡ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ጌሙ ውስጥ ገብቶ ኤፍ3ን መጫን ይበቃል። በስክሪኑ ቀኝ በኩል ከላይ የሚታየው የሜሞሪ መቶኛ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከዚያም በአንዴ ይወርዳል፤ የሚወርደው ጃቫ ጌሙ ተጠቅሞባቸው የተዋቸውን ነገሮች ሰብስቦ ሲያጸዳ ነው። ቁጥሩ ጣሪያው ሥር ተጣብቆ በየጥቂት ሰከንዱ የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ፣ በዚያው ቅጽበት ምስሉም ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ በርግጥ የራም ማነስ ነው። እኔ ሞዶች (ጌሙን የሚለውጡ ተጨማሪ ፋይሎች) ጭኜ ስጫወት ያየሁት ይህንኑ ነበር፤ ጣሪያውን ወደ 4 ጊጋባይት ሳነሣው መንተፋተፉ ጠፋ።

በዚህ ተበረታትቼ 8 ጊጋባይት ብቻ ባለው ላፕቶፕ ላይ 6 ጊጋባይት መደብኩ። ብራውዘሩ ከጀርባ ተከፍቶ ስለነበር ሲስተሙ የሚተርፈው ራም አጥቶ ራም ላይ የነበረውን ወደ ዲስኩ መገልበጥ ጀመረ፤ የማውሱ ቀስት እንኳ እየተጎተተ ነበር የሚሄደው። ጥፋቱ የኔው ነው። ራም የተትረፈረፈበት ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ከልክ ያለፈ ጣሪያ ትርፍ የለውም፤ ጃቫ ጽዳቱን እያዘገየ ብዙ ስለሚያከማች አንዱ ጽዳት ረዘም ሊል ይችላል። ሞድ ለሌለው ጌም ከ2 እስከ 4፣ ከባድ የሞድ ጥቅል ለሚጭን ሰው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ጊጋባይት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቅንብሩ የማይፈታው ችግርም አለ። መቶኛው ግማሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ የፍሬሙ ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ዝቅተኛ ከሆነ ጫናው ያለው ግራፊክስ ካርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ መነካት ያለበት የዕይታ ርቀቱ ነው፤ ርቀቱ 8 ቸንክ (ጌሙ ዓለሙን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ሲሆን በተጫዋቹ ዙሪያ 289 ቸንኮች ሲያዙ፣ 16 ሲደረግ ግን ቁጥሩ 1,089 ይደርሳልና።