«እጅሽ ደህና ነው» ላሉኝ የሥዕል መምህር

ይህን ምስጋና ከጻፍኩት ቆይቶ ነበር፤ ጋሼ «ተዪው» እያሉ አዘገዩኝ። ከእንግዲህ ግን አልተውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል ለመማር የምትፈልጉ፣ በተለይም አንድ ቦታ ሞክራችሁ ቅስማችሁ ተሰብሮ የተመለሳችሁ፣ እኚህን ሰው ፈልጋችሁ አግኟቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ አልፈቀዱም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ስልካቸውን እሰጣለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጆቼ አድገው ጊዜ ሲተርፈኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ሥዕል ልማር ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቦታ ክፍያው በቅድሚያ ነው፤ ከተከፈለም አይመለስም። እዚያ ያስተማረን ሰው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሥራዎቻችንን ግድግዳ ላይ ደርድሮ ደረጃ ያወጣል። የእኔ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ጀበና እንድንስል ታዘዝን። የእኔን ሲያይ «ይህ ደግሞ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ነው?» አለ፤ ልጆቼን የሚያክሉት ተማሪዎች ሁሉ ሳቁ። ክፍሉ ሲበተን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ያዘነልኝ መስሎ፣ «እትዬ፣ ሥዕል ተሰጥኦ ነው። እጅዎ ለዚህ አልተፈጠረም። ለምን ሹራብ ሥራ አይሞክሩም?» አለኝ። ሹራብ መሥራት ነውር የለውም፤ እናቴ ሹራብ ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ገንዘቤን የከፈልኩት ለሥዕል ነበር።

ሌላም ቦታ ሄድኩ። እዚያ የሚሰድብ የለም፤ የሚያይም የለም። መምህሩ የታተመ ሥዕል አድሎን ይወጣል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተመልሶ «ጎበዞች!» ይላል። ለሚችለውም ለማይችለውም ያው «ጎበዞች» ነው። እውነቱን ለመናገር ከስድቡ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ሙገሳ ነው። ሥራዬ መጥፎ መሆኑ ለእኔም ይታየኛል፤ ያልገባኝ ምን እንደጎደለው ነበር። ያንን የሚነግረኝ አጣሁ። ደብተሬን ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬ፣ ማታ ማታ በስልኬ የሰው ሥራ እያየሁ በራሴ ስናደድ ከረምኩ። አንድ ሕፃን ልጅ የሳለው የአያቱ ፊት እንቅልፍ የነሣኝ ሌሊት ትዝ ይለኛል።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ግቢያቸው ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ያስተምራሉ። ገና ስገባ ምንም ሳይሉ አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከዕቃ ሁሉ ጀበና!

«ጋሼ፣ እኔ ጀበና አይሆንልኝም» አልኳቸው።

«እኔም ክራር አይሆንልኝም። በይ ጀምሪ።»

አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። አፏን ሣልኩ፣ ጆሮዋን ሣልኩ፣ ሆዷን አጠቆርኩ፣ ከሥሯ ማቶት አስገባሁላት። ቀና ስል ጠረጴዛው ባዶ ነው። ጋሼ ጀበናዋን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ መሳል እንደጀመርኩ አንሥተዋት ኖሯል! ማቶትማ ቀድሞውንም አልነበረም።

እኚህ ሰው አልሳቁም። አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ጀበናዋ ከሄደች ቆየች፤ አንቺ ግን አልናፈቀችሽም። ይህቺ የሣልሻት የእናትሽ ቤት ጀበና ናት፤ ከልብሽ ነው ያወጣሻት። ልጄ፣ እጅሽ ደህና ነው። ገና ያልለመደው ዓይንሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ይለምዳል» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ከሐኪም ወደ ሐኪም ተንከራትቶ በመጨረሻ የሚያመውን ቦታ የነኩለት በሽተኛ ይህን ስሜት ያውቀዋል። «እጅሽ ደህና ነው»! ያን ሁሉ ጊዜ ይህን እጄን ስረግመው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥላና ብርሃን፣ ስለ ቅርብና ሩቅ የነገሩኝ ብዙ ነው፤ ግማሹ እስካሁን አልገባኝም፤ አስረዱኝ ብትሉኝም አልችልም። የተሰጥኦውን ነገር ግን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ውስጤ ሲበላኝ ኖሯላ። «አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመጡ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ተሰጥኦ ግንባር ላይ የሚነበብ ቢሆን ማን ለማዕድን ይልካቸው ነበር? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ ከመምህራቸው ሥር ተቀምጠው የቀደመውን ሥዕል እየቀዱ አይደለም የተማሩት?» አሉኝ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ይህን በሰማ!

ተስፋ መቁረጥ ጨርሶ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ክረምት የእናቴን ፎቶግራፍ አስቀምጬ ብስል ብስል የማላውቃት ሴትዮ ሆነችብኝና ቀረሁ። ጋሼ ደወሉ። ለምን ቀረሽ አላሉም። «አንዲት አዲስ ተማሪ መጥታለች፤ እኔን ትፈራለች፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ መጥተሽ አጠገቧ ተቀመጪልኝ» አሉኝ። ለእሷ ብዬ ሄድኩ። ልጅቷ ስትሳሳት «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ስላት ውዬ፣ ሳላስበው የራሴን ወረቀት ዘርግቼ ተገኘሁ። ሁለታችንም ዛሬ ድረስ እዚያው ነን። እኚህ ሰው ይህን አስበውበት ያደረጉት ይመስለኛል፤ ብጠይቃቸው አያምኑም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እናንተም ሂዱ። ዕድሜዬ ገፍቷል አትበሉ፣ እጄ ጠጣር ነው አትበሉ፤ ሂዱ ብቻ። ክፍያቸው እኔ ካየኋቸው ሁሉ ያነሰ ነው፤ ሲቸግራችሁም ይታገሷችኋል፤ ደግ ናቸው ብላችሁ ግን አታጉላሏቸው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ስልክ አያነሡም፤ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ላጲስ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ በር ላይ ተቀብለው ኪሳቸው ይከቱታል። የእኔም እስካሁን አልተመለሰም።