ወንድሜንም በሬዎቻችንንም ላተረፈችልን ሲስተር

ይህን የምጽፈው በደብረ ማርቆስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ ለማመስገንና ላላወቃት ለመጠቆም ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀደች ሁላችንም እንደምንጠራት ሲስተር እላታለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን የእሱን ነገር እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ እንዲያውም «ድምፅ እየሰማ ዝም ያለ ሰው ካለ ያንብበው» ብሎኛል።

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም አለበት። አጠገቡ የሌሉ ሰዎች ሲናገሩ ይሰማል፤ ይሰድቡታል፣ ያዝዙታል፣ አንዳንዴም ሁለት ሆነው ስለ እሱ ያወራሉ። በጠበልም በሐኪም ቤትም ብዙ ተመላልሷል። መድኃኒቱ እንቅልፉንና የምግብ ፍላጎቱን መልሶለታል፤ ድምፁ ግን አልለቅ አለው።

በዚህ መሐል አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን አንድ ቪዲዮ ላከልን። ውጭ አገር ጭንቅላትን በማግኔት እያከሙ ድምፁን ያጠፉታል ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የደላላ ስልክ ቁጥር አለ። ደላላው የጠራውን ገንዘብ አባቴ ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና ጥማድ በሬዎቹን ለመሸጥ፣ ባሕር ዛፉን ለነጋዴ ለመስጠት፣ መሬቱንም ለማከራየት ወሰነ። «ልጄ ከዳነ በሬ ይገዛል» አለ። ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? ደብረ ኤልያስ አካባቢ የገበሬ ቤት ያለ በሬ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም።

ሲስተር ዘንድ የሄድነው ለምክር አልነበረም። ደላላው የሕክምና ማስረጃ አምጡ ስላለን ልናጽፍ ነው። ለምን እንደፈለግነው ጠየቀችን፤ አባቴ ነገራት። አልሳቀችብንም፣ አልተቆጣችም። ተነሥታ ወንበሯን ለአባቴ ለቀቀችና ከተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የሰው ራስ ሣለች፤ ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ ክብ አደረገችበት።

«አባባ፣ ይኼ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ በቅጽበት ሲያልፍበት ማግኔት ይፈጥራል፤ ማግኔቱ ቆዳውንና አጥንቱን አልፎ ከሥሩ ባለው የአንጎል ክፍል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል» አለችው። ያማል ወይ ብሎ ጠየቃት። ማደንዘዣ እንደማያስፈልገው፣ ታካሚው ነቅቶ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማሽኑ ስለሚንቋቋ ጆሮው እንደሚሸፈን፣ አንዳንዱን ራስ ምታት እንደሚይዘው ነገረችው። በኤሌክትሪክ ከሚሰጠውና ታካሚው ተኝቶ ከሚወስደው ሕክምና የተለየ መሆኑንም አስረዳችው። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነገሩን ለእናቴ ሳያዛንፍ መልሶ ነገራት።

ቀጥሎ የጠየቃት ሁላችንም የፈራነውን ነው። «ታዲያ ያድናል?»

እዚህ ላይ ነው ሲስተርን ለዘለዓለም ያከበርኳት። ያድናል ብላ አላታለለችውም፤ ውሸት ነው ብላም ተስፋውን አልቆረጠችበትም። ያለውን እንዳለ ነገረችው። እኔም አስተማሪ ነኝና በኋላ እያነበብኩ አመሳክሬዋለሁ። በማግኔት አንጎልን ማነቃቃት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት እውነተኛ ሳይንስ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ለድባቴ ሕክምና እንዲውል ፈቅዶታል። ለስኪዞፍሬንያ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። ስለ ድምፁ የተነሣው ተስፋ የመጣው የዬል ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጡት ጥናት ነው፤ ንግግር ከሚሰማበት የግራ አንጎል በላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ በዝግታ ሲመቱት የአንዳንድ ታካሚዎች ድምፅ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ውጤት ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ረድቷል ሲል ሌላው ከማስመሰያው (እውነተኛ መስሎ አንጎልን ከማይነካው ማሽን) ብዙም አልተለየም ይላል። ከሰው መራቅንና ፍላጎት ማጣትን ለማከም 175 ታካሚዎችን ይዞ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ጥናት ነበር፤ እውነተኛው ማሽን የተደረገላቸው ሰዎች ማስመሰያው ከተደረገላቸው የተሻለ ለውጥ አላሳዩም።

ሲስተር ይህን ሁሉ ለአባቴ ባጭሩ ነገረችው፦ «አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ የረዳውም ሰው መድኃኒቱን አይተውም፤ ለውጡም ከጊዜ በኋላ ሊደክም ይችላል።»

ከዚያ ደላላው ያልጠየቀንን ጠየቀች። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት አለ ወይ? የሚጥል በሽታ ይዞት ያውቃል ወይ? ማሽኑ አልፎ አልፎ ሰውን ሊጥል ስለሚችል ይህ ሳይጠየቅ አይጀመርም። እናቴን ስልክ ደውለን ስንጠይቃት «ሕፃን ሳለ ትኩሳት ይዞት ወድቆ አረፋ ደፍቆ ነበር» አለችን። እኔ ራሴ ሰምቼው አላውቅም፤ ካርዱ ላይም አልተጻፈም ነበር። ሲስተር ወዲያው ጻፈችው። ልጁን አይቶ የማያውቅ፣ ይህን አንድ ጥያቄ እንኳ ያልጠየቀ ሰው የገበሬን ጥማድ በሬ ሊያሸጥ ተነሥቶ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ቀጥላ ቤት የቀረውን ክኒን በሙሉ ይዘን እንድንመጣ ቀጠሮ ሰጠችን። ወንድሜን አጠገቧ አስቀምጣ ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ እያንዳንዱን በጣቷ እየገፋች ቆጠረችው። የተረፈው ብዙ ነበር። አልገሠጸችውም፤ «የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?» ብቻ አለችው። ያኔ ነው ወንድሜ የተናገረው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምስ የጠዋቱን ያልፈዋል። የእርሻና የአረም ጊዜ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ከሰው በታች ላለመሆን ብሎ ይተወዋል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅምና።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ክኒኑ ወደ ማታ ተዛወረ፤ በኋላም በየወሩ በሚወጋ መርፌ ተተካ። ጠበሉንም አላስተወችውም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል ነገረችው፤ ይህ ለእናቴ ትልቅ ዕረፍት ነበር። በተገቢው መጠንና ጊዜ የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ካልያዙለት ደግሞ ክሎዛፒን የሚባል መድኃኒት እንዳለ ነገረችን። በሌላው መድኃኒት ያልተሻላቸውን ሊረዳ ይችላል፤ ግን ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል ያለ ተከታታይ የደም ምርመራ አይወሰድም፤ የሚጥል በሽታ ታሪክም ይታሰብበታል። ማግኔት ከታሰበም ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በስፔሻሊስት ሐኪም እጅ መሆኑን አስረግጣ ነገረችን።

ወንድሜ ዳነ ብዬ አልጽፍም። ድምፁ አለ። እሱ እንደሚለው ግን አሁን ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው፤ ይሰማዋል እንጂ አያዝዘውም። ዘንድሮ ጤፉን ያረመው ከሰው እኩል ቆሞ ነው። የመርፌው ቀን ካለፈ ሲስተር ትደውላለች፤ ስትደውልም መጀመሪያ እናቴን «እርስዎስ ደኅና ነዎት?» ብላ ነው የምትጠይቃት። የታመመን ልጅ እናት እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይገኛል!

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አባቴ «በሬዎቼን ባየሁ ቁጥር እመርቃታለሁ» ብሏል፤ ለበዓል ሊያመጣልሽ ያሰበውን ማር አልቀበልም እንዳትይው።

ከምሥራቅ ጎጃም ወይም ከዚያ ማዶ በዚህ ሕመም የተቸገረ ቤተሰብ ያላችሁ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የት እንደምትገኝ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ከታማሚው ጋር የሚኖርና ነገሩን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ። ቤት የቀረውን መድኃኒት፣ ያለቀበትን ፓኬት ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በሕፃንነቱ ወድቆ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ እናቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የካርድ ወረፋው ስለሚረዝም በጠዋት ድረሱ፤ የቅዳሜው የገበያ ቀን ደግሞ መኪና ስለሚጠብ ከገጠር የምትመጡ ሌላ ቀን ብታደርጉት ይሻላችኋል።